ሁለተኛው ቋጠሮ

«ማንም እንዳይነካው! እጃችሁን ወደ ኋላ!»

የእጅ ሥራ መምህርቷ እንዲህ ሲጮኹ ማንም ሰምቷቸው አያውቅም። መርፌ ጣቱን የወጋው ልጅ ሲያለቅስ እንኳ «አይዞህ፣ አትሞትም» ብለው ክሩን መልሰው የሚያቀብሉ ረጋ ያሉ ሴት ናቸው። አሁን ግን መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ወርውረው፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው፣ የስምንተኛ «ለ»ን ልጆች በሙሉ ወደ ግድግዳው ገፏቸው።

ከተከፈተው ትልቅ ፌስታል አፍ ላይ፣ ከሰማያዊው መጠቅለያ መሃል፣ አንድ የጎማ ጓንት ተንጠልጥሏል። ጣቶቹ ላይ ደም ደርቆበታል። ከሥሩ የተጨማደደ የደም መጥረጊያ ጎዝ ይታያል፤ እሱም ነጭነቱ ጠፍቷል።

«የሰው ደም ነው?» አለ ሬዲዮ። ሬዲዮ የሚሉት ከጠዋት እስከ ማታ ስለማይዘጋ ነው። አሁንም መልስ ሳይጠብቅ ቀጠለ። «ኧረ የሰው ደም ነው! እኔ እኮ ትናንት ተሸክሜዋለሁ! በቃ፣ አለቀልኝ!»

«አንተ ልጅ፣ አፍህን ዝጋ! እጁ ላይ ቁስል ያለው አለ? የለም? በሉ ሁላችሁም ውጡና በሳሙና ታጠቡ። ሁለት ጊዜ!»

ጉንዳን ከሁሉም ኋላ ነበረች። ይህን ስም ያወጣላት አባቷ ነው፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ከራሷ የሚበልጥ ዕቃ ካልተሸከመች ደስ አይላትም። ዛሬ ግን የገዛ እግሯ እንኳ አልታዘዝ አላት።

መምህርቷ ቆርጠው የጣሉትን የፌስታሉን አንገት በመቀሱ ጫፍ አንሥተው አዩት። «ሁለት ቋጠሮ ነው» አሉ ለራሳቸው። «የእትዬ ቋጠሮ። እትዬ እንዴት እንዲህ ይሳሳታሉ?»

ጉንዳን እጆቿን ኪሶቿ ውስጥ ከተተች። ሁለተኛውን ቋጠሮ የቋጠሩት እትዬ አልነበሩም። የቋጠረችው እሷ ናት።

ነገሩን ከሥሩ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ያስፈልጋል። የቀዶ ሕክምና መሣሪያ ከጀርም ጸድቶ የሚመጣው በሰማያዊ መጠቅለያ ተጠቅልሎ ነው። ጨርቅ ይመስላል እንጂ ፕላስቲክ ነው። መሣሪያው ሲፈታ መጠቅለያው ንጹሕ እንደ ሆነ ይወድቃል፤ ሕመምተኛ አልነካው፣ ደም አልነካው። እንዲያም ሆኖ ለዓመታት ደም ከነካው ጎዝና ጓንት ጋር አብሮ እየተጣለ ከሆስፒታሉ ጀርባ ባለው ማቃጠያ ሲነድ ኖሯል። እዚያ ማቃጠያ ላይ የሚሠራው ደግሞ የጉንዳን አባት ነው። ማታ ሲመጣ ልብሱን በር ላይ ሳያወልቅ ወደ ቤት አይገባም፤ ጭሱ ግን ከጸጉሩ ጋር ይገባል።

የቀዶ ሕክምና ክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ናቸው። ባለፈው ዓመት ብድግ ብለው «በቃ፣ አንድ ሰው አድነን ሰፈሩን አናሳምምም» አሉ። አንድ ጊዜ ለብሰው የሚጥሉትን ጋዋን አስቀርተው የሚታጠበውን መለሱ። ከመሣሪያው ሳጥን ውስጥ ማንም ነክቷቸው የማያውቅ መቀሶችን አስወጡ። «ሳያስፈልግ ምንም ነገር እንዳይከፈት» ብለው በር ላይ ለጠፉ። አንዳንድ ሐኪሞች አጉረመረሙ፤ ሲስተር ግን ለማጉረምረም ጆሮ የላቸውም። ለመጠቅለያው ደግሞ ትምህርት ቤቱን ጠየቁ፦ ንጹሑን እኛ እንስጣችሁ፣ እናንተ ለሕመምተኞቻችን የልብስ መያዣ ቦርሳ ስፉበት። በየሳምንቱ ሐሙስ የተራው ክፍል ልጆች በኋላ በር መጥተው ፌስታሎቹን ይመዝናሉ፣ ይጽፋሉ፣ በጋሪ ይወስዳሉ።

ሕጉ አንድ ነው። ሕመምተኛው ከመግባቱ በፊት የወደቀ መጠቅለያ ንጹሕ ነው። ከገባ በኋላ የወደቀው ግን ምንም ቢያምር ወደ ማቃጠያ ይሄዳል። ይህን የሚጠብቁት የጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ ናቸው። ፌስታሉ ሲሞላ አንድ ጊዜ ይቋጥሩትና በግራ በኩል ባለው አግዳሚ ላይ ያኖሩታል። ቀጥሎ መስኮቱ ጋ ወስደው፣ ወደ ብርሃኑ አንሥተው፣ እያገላበጡ ያዩታል። ልባቸው ካመነ ሁለተኛ ይቋጥሩትና ወደ ቀኙ አግዳሚ ያሻግሩታል። ልጆች የሚወስዱት ከቀኙ ብቻ ነው። ሐኪሞቹ ሳይቀሩ «እትዬ ሁለት ቋጠሮ» ይሏቸዋል፤ እሳቸውም ይስቃሉ እንጂ አይቆጡም።

ታዲያ ያን ሐሙስ ሚዛኑ ላይ የነበረችው ጉንዳን ናት። ስምንተኛ «ሀ»ዎች በሳምንታቸው ሠላሳ አንድ ኪሎ መዝነው፣ ቁጥሩን በቀይ ጠመኔ ሰሌዳ ላይ ጽፈውት ነበር። ጉንዳን ደግሞ በክፍሉ ፊት «እንበልጣቸዋለን፣ እኔ እያለሁ!» ብላ ደረቷን ነፍታለች። ሬዲዮ ይህንኑ ለትምህርት ቤቱ በሙሉ አዳርሶታል። የቀኙን አግዳሚ ፌስታሎች አንድ በአንድ መዝና ስትደምር ሠላሳ ኪሎ ከግማሽ መጣ።

እንደገና ደመረች። ያው ነው።

በግራው አግዳሚ ላይ አንድ ፌስታል ቀርቷል። አንድ ቋጠሮ ነው ያለው። እትዬ ድንገተኛ ሕመምተኛ መጥቶ፣ ወለሉን ቶሎ እንዲያጸዱ ተጠርተው እየሮጡ ሄደዋል። ጉንዳን ፌስታሉን ወደ መስኮቱ አላነሣችውም፤ ባለበት ጎንበስ ብላ አየችው። ሰማያዊ ነው። ሁሉም ሰማያዊ ነው። እትዬ ቢመለሱ ያው ይቋጥሩት የለ፣ አለች ለራሷ። የእትዬን እጅ ብዙ ሐሙስ አጠገባቸው ቆማ አይታዋለች፤ አንገቱን ጠምዘዝ፣ ወደ ውስጥ ሰደድ፣ ሳብ። ቋጠሮው ቁርጥ የእሳቸውን መሰለ። መዘነችው፤ ሠላሳ ሁለት ኪሎ ሞላ። በር ላይ ጋሪ ይዞ የሚጠብቃት ሬዲዮ ቁጥሩን ሲሰማ እየዘለለ ጮኸ፣ እሷም አብራው ጮኸች።

ይህ ትናንት ነበር። ዛሬ ዓርብ ከሰዓት ሲስተር ራሳቸው ወደ ትምህርት ቤት መጡ። ጓንት አጥልቀው ሠላሳ ሁለቱንም ኪሎ በወፍራም ቢጫ ፌስታል አስጠቀለሉ።

«ሁሉንም?» አሉ መምህርቷ። «ሌሎቹ እኮ ንጹሕ ናቸው።»

«አንዱ ከተበላሸ ሌሎቹን ማን ያምናቸዋል?» አሉ ሲስተር። ፊታቸው ጠቁሯል። «ልጅ ቢወጋበትስ ኖሮ? መርፌ ቢሆንስ ኖሮ? ድሮም ‹ይሄ የልጆች ጨዋታ ነው› ሲሉኝ የነበሩ ሰዎች አሉ፤ ዛሬ አፋቸውን ሞልተው ይናገራሉ። ለጊዜው ይቁም። ሰኞ ጠዋት ኮሚቴው ይሰበሰባል።»

«እትዬስ?»

«እትዬ ቋጠሮው የኔ ነው ብለዋል። ምን ላድርግ?»

ጉንዳን በሩ አጠገብ መጥረጊያ ይዛ ቆማ ሁሉንም ሰማች። አፏን ብትከፍት እዚያው ያልቅ ነበር። እሷ ግን ወለሉን ጠረገች፤ የተጠረገውንም ደግማ ጠረገች።

ቅዳሜ አባቷ ከሥራ ገብቶ፣ ታጥቦ፣ ሻይውን ይዞ ቁጭ አለ። የወትሮው ቀልድ የለም።

«ዛሬ ምን እንዳቃጠልኩ ታውቂያለሽ ጉንዳኔ?»

«ምን?»

«የእናንተን መጠቅለያ። ሠላሳ ሁለት ኪሎ። ፕላስቲክ አይደል፣ ጭሱ ጥቁር፣ እንዲህ ዓይን የሚልጥ።» ዓይኑን በመዳፉ አሸት አደረገ። «ድሮ በቀን ዘጠኝ ጋሪ ይመጣልኝ ነበር። ሲስተር ይሄን ነገር ከጀመሩ ወዲህ አምስት ሆኗል። እኔማ ማታ ማታ ሳላስል መተኛት ለምጄ ነበር። አሁን እንግዲህ ተመልሶ ሊመጣ ነው።»

ጉንዳን ሻይዋን አማሰለች፤ ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል።

«እትዬን ደግሞ ወደ ግቢ ጠራጊነት ሊያወርዷቸው ነው አሉ» አለ አባቷ። «ዓይናቸው ደክሟል፣ አርጅተዋል እየተባለ ነው። እኔ አላምንም። ያቺ ሴትዮ ከምትሳሳት ሚዛኑ ቢሳሳት ይሻላል እል ነበር። ግን ቋጠሮው የሳቸው ነው፤ ምን ይባላል?»

«ሚዛኑን የያዝኩት እኔ ነኝ» አለች ጉንዳን፤ ከዚያ በላይ ግን አልወጣላትም።

«አውቃለሁ፤ አንቺማ ምን አጠፋሽ?» ብሎ ጭንቅላቷን ዳበሳት። እጁ ከብዶባት አንገቷን ደፋች። አባቷ ደከማት ብሎ አሰበ።

እሑድ ከሰዓት በሩ ተንኳኳ። ጉንዳን ስትከፍት እትዬ ቆመዋል፤ የደንብ ልብስ ሳይለብሱ አይታቸው ስለማታውቅ መጀመሪያ ሌላ ሰው መሰሏት። አጠር ያሉ፣ ጠቆር ያሉ፣ ጫማቸውን ሳይቀር የወለወሉ ሴት ናቸው። በሩ ላይ እንደ ቆሙ ሁለቱንም እጆቿን ያዙ።

«አሳዪኝ» አሉ። እጆቿን እያገላበጡ፣ በየጣቶቿ መሃል እየለዩ፣ ልክ ፌስታሉን እንደሚያዩት ወደ ብርሃኑ አንሥተው አዩዋቸው። «የተቆረጠ የለሽም? የተጫረስ?»

«የለም እትዬ።»

«ተመስገን። የሬዲዮን ቤት ጨርሼ ነው የመጣሁት፤ እሱም ደህና ነው፣ ምላሱም ደህና ነች።» ፈገግ ለማለት ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። «ይቅር በይኝ ልጄ። ልጎዳሽ ነበር።»

አባቷ ከውስጥ ወጥቶ «ኧረ እትዬ፣ ምን ሆነው ነው? ይግቡ እንጂ!» አለ። እትዬ ገብተው የወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ የቀረበላቸውን ሻይ ግን አልነኩትም።

«ነገሩ ምን መሰላችሁ» አሉ። «ዓይኔ ቢሆን ግድ የለኝም፤ መነጽር ይገዛለታል። እኔን ያስፈራኝ ሌላ ነው። ያን ፌስታል ሁለተኛ መቋጠሬን አላስታውስም። ከግራ ማስቀመጤን አስታውሳለሁ። ተጠርቼ መሄዴን አስታውሳለሁ። ስመለስ ግን የለም፤ ልጆቹ ወስደውታል። እንግዲህ ቋጥሬዋለሁ ማለት ነው። መቼ? በየትኛው እጄ?» ሁለቱን እጆቻቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ተመለከቷቸው። «እናቴን እንዲህ ነው የጀመራት። መጀመሪያ በሩን መዝጋቷን ረሳች። በዓመቱ እኔን ረሳችኝ።»

እትዬ ቀና ብለው ጉንዳንን አዩዋት።

«አንቺ እዚያ ነበርሽ። ስቋጥረው አይተሽኛል? እስቲ እውነቱን ንገሪኝ፤ አልቆጣም።»

አባቷ ያያታል። እትዬ ያዩዋታል። በሕይወቷ እንደዚያች ደቂቃ እውነትን የሚጠይቃት ሰው ገጥሟት አያውቅም፤ መልሱም ከአንድ ዓረፍተ ነገር አይበልጥም።

«ልብ አላልኩም» አለች። ይህ እንኳ በበቃ ነበር። ግን የእትዬ ፊት ሲጨማደድ አየችና ለማጽናናት ብላ ጨመረችበት። «አይዞዎት እትዬ። ሰው ይረሳል።»

«አዎ» አሉ እትዬ ቀስ ብለው። «ሰው ይረሳል።»

ከሄዱ በኋላ ጉንዳን መታጠቢያ ቤት ገብታ ቧንቧውን ከፈተች። መስታወት ላይ ራሷን ማየት ስላልቻለች ውኃውን ብቻ አየችው። ካጠፋችው ጥፋት ሁሉ ያቺ «አይዞዎት» ባሰችባት። አንዲት ትልቅ ሴት የራሳቸውን ጭንቅላት እንዳያምኑ ያደረገች፣ ያውም በደግ ድምፅ ያደረገች ልጅ መሆኗን አወቀች፤ አፈረች፣ እጅግ አድርጋ አፈረች። መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት። መሬት ግን እንዲህ ያለ ልመና ሰምታ አታውቅም። ዞር ስትል አባቷ ከውጭ «እራት ቀርቧል!» እያለ ነው።

ሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስትደርስ ሬዲዮ ዙሪያውን ልጆች ሰብስቦ ሥርጭት ጀምሯል።

«ቤታችን ድረስ መጡ ስላችሁ! እጄን ይዘው ‹አሳየኝ፣ አሳየኝ›! እማዬ ምን አለች መሰላችሁ? ጃጅተዋል አለች። ድሮም ትንሽ ዞር አድርጓቸው ነበር አለች። አስቡት፣ የቋጠሩትን አያውቁም!» እጁን እያንቀጠቀጠ በአየር ላይ ፌስታል ቋጠረ፤ ፈታው፤ ደግሞ ቋጠረው። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ።

«ተው!» አለች ጉንዳን።

«እንዴ፣ ምን ሆንሽ? ቀልድ ነው እኮ።»

«ተው አልኩህ! አልጃጁም!»

ሬዲዮ እጁ በአየር ላይ እንዳለ ቀረ። «እሺ በቃ፣ አልጃጁም። አንቺን ምን አስለቀሰሽ?»

እያለቀሰች እንደነበር ያወቀችው ያን ጊዜ ነው። ደወሉ ተደወለ። ልጆቹ ወደ ውስጥ ጎረፉ፤ እሷ ቦርሳዋን አጥብቃ ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች። «ወዴት ነው? ሂሳብ እኮ ፈተና አለ!» እያለ ሬዲዮ ከኋላዋ ጮኸ። አልመለሰችም። የመንገዱን መጀመሪያ ሮጠችው፤ ሆስፒታሉ አጥር ጋ ስትደርስ ግን ቀስ ብላ መራመድ ጀመረች። ከጀርባ በኩል የማቃጠያው ጭስ ተነሥቷል፤ አባቷ ሥራ ጀምሯል።

ከሲስተር ቢሮ ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ላይ እትዬ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። የሥራ ጋዋናቸውን አጥበው፣ ተኩሰው፣ አጣጥፈው ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል። ለማስረከብ የተዘጋጀ ዕቃ ነው የሚመስለው።

«አንቺ ልጅ፣ ዛሬ ትምህርት የለም እንዴ?»

«አለ።»

«ታዲያ?»

ጉንዳን መንገዱን በሙሉ ያጠናችው ነገር ነበር። በይቅርታ የሚጀምር፣ መሃል ላይ ምክንያት ያለው፣ ረጅም ነገር። አንዱም አልመጣላትም።

«እትዬ፣ ሁለተኛውን የቋጠርኩት እኔ ነኝ።»

«ምኑን?»

«ፌስታሉን። ሐሙስ ዕለት፣ እርስዎ ተጠርተው ሲሄዱ። ከግራ አንሥቼ ቋጠርኩት። ኪሎው እንዲሞላልን ብዬ ነው። እርስዎ አልቋጠሩትም።»

ኮሪደሩ ላይ አንድ ነርስ ባዶ ተሽከርካሪ አልጋ እየገፋች አለፈች፤ አንደኛው ጎማ ሲጢጥ ሲጢጥ ይላል። ድምፁ ሲርቅ እትዬ ወደ ጉንዳን ዞሩ።

«ታዲያ አልረሳሁም?» አሉ።

«አልረሱም።»

«ቀድሞውንም አልቋጠርኩትም።»

«አልቋጠሩትም፣ እትዬ።»

አሮጊቷ መዳፋቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ለረጅም ጊዜ ሳይተነፍሱ የቆዩ ያህል ትንፋሻቸውን አወጡ። ትከሻቸው ወረደ። ጉንዳን ያለቀሱ መስሏት ነበር፤ ቀና ሲሉ ግን ዓይናቸው ደረቅ ነው።

«ትናንት እኮ ጠየቅሁሽ» አሉ። ድምፃቸው ከፍ አላለም። «ቤትሽ ድረስ መጥቼ ጠየቅሁሽ። ሰው ይረሳል አልሽኝ።»

«አዎ።»

«ሌሊቱን የልጅ ልጆቼን ስም ስቆጥር ነው ያደርኩት። አንዱ እንዳይጠፋብኝ። አንዱን ስጠራ ሌላውን የረሳሁ እየመሰለኝ፣ እንደገና ከመጀመሪያው።»

በጥፊ ቢያጮሏት ይሻላት ነበር። «ይቅርታ እትዬ» አለች፤ ሲወጣ ቃሉ ትንሽ ሆኖ ወጣ። እትዬ ምንጊዜም አይዞሽ የሚሉ ሰው ናቸው። አሁን አላሉም። ጉንዳንም አይበሉኝ አለች በልቧ።

የቢሮው በር ተከፈተና ሲስተር ፋይል ይዘው ብቅ አሉ። ከውስጥ የወንበር መንቋቋትና የሰዎች ድምፅ ይሰማል።

«እትዬ፣ ኮሚቴው ተሰብስቧል፤ ይግቡ» አሉ። ከዚያ ጉንዳንን አዩዋት። «አንቺስ? ዛሬ ሚዛን የለም። ነገሩ ከተረጋገጠ እኮ ጨርሶ ላይኖር ይችላል።»

ይህን አስባበት ነበር። እውነቱ ሲወጣ ልጆች የነኩት ነገር ሁሉ አይታመንም ይባል ይሆናል፤ የ«ለ»ም የ«ሀ»ም ልጆች በእሷ ምክንያት ይባረሩ ይሆናል፤ አባቷም በሩ ላይ ልብሱን እያወለቀ ይሰማ ይሆናል። ከዚህ ሁሉ አንዱም ቢሆን ተመልሳ እንድትሄድ አላደረጋት።

እትዬ ጋዋናቸውን ይዘው ሊነሡ ሲሉ ጉንዳን ቀድማ ወደ በሩ ተራመደች።

«ሲስተር» አለች፤ «ከእትዬ በፊት እኔ ልግባ።»

ሲስተር ግራ ገብቷቸው እትዬን ተመለከቱ። እትዬ ጉልበታቸውን ሰብሰብ አድርገው መንገድ ለቀቁላት።